የቱብለስ ቸርኬና ጎማ ለኮረኮንች መንገድ፦ እንዴት ብንፈትሽ ነው ውጤቱ የሚታመነው?

ፒስታ ወዳድ

ለጠጠርና ለኮረኮንች መንገድ የሚሆኑ የቱብለስ፣ ማለትም ያለ ካላማዳሪያ አየር የሚይዙ የብስክሌት ቸርኬዎችና ጎማዎች በተፈተሹ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠየቀው የትኛው ጎማ ከነጂው ጉልበት ስንት ዋት ይቆጥባል የሚለው ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን በዝርዝር ላስቀምጥና የእናንተን አስተያየት ልስማ።

ካላማዳሪያ ባለው ጎማ አየሩን የሚይዘው ካላማዳሪያው ስለሆነ፣ ጎማውና ቸርኬው ሲገጥሙ ትንሽ ቢላሉም መንገዱ አይቋረጥም። በቱብለስ ግን የጎማው ጠርዝ፣ ጠርዙ የሚያርፍበት የቸርኬው መደብ፣ የራጂ ቀዳዳዎችን የሚሸፍነው ቴፕ፣ የቫልቩ ሥር እና ማሸጊያው ፈሳሽ በአንድነት ናቸው አየር የሚይዙት። ስለዚህ የሚፈተሸው ጥንዱ እንጂ ጎማው ለብቻው ወይም ቸርኬው ለብቻው አይደለም። አንድ ጎማ በአንዱ ቸርኬ ላይ እንከን የለሽ ሆኖ በሌላው ላይ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው። ማቪክ በ1999 ለተራራ ብስክሌት ያወጣው ዩኤስቲ የተባለው ሥርዓት የሁለቱንም ልክ አንድ ላይ የሚወስን ነበር፤ በኋላ የተስፋፉትና በማሸጊያ ፈሳሽ የሚሠሩት ቀለል ያሉ ጎማዎች ግን ከብዙ አምራቾች ቸርኬ ጋር ስለሚጣመሩ የመጥበቅና የመላላት ልዩነታቸው ሰፊ ነው። 700 ሲ የተባለው የተለመደ መጠን ያለው ቸርኬ መደብ ዲያሜትር 622 ሚሊሜትር መሆኑ በደረጃ የተወሰነ ቢሆንም፣ ከሚሊሜትር በታች የሆነ ልዩነት እንኳን ጎማው በእጅ መግባት አለመግባቱን ይወስናል። ቴፑ ሁለት ጊዜ ከተጠመጠመ ደግሞ ያው መደብ በቴፑ ውፍረት ያህል ያድጋል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ያለ ማሸጊያ ፈሳሽ መደረግ አለበት። ጎማው ደረቅ እንዳለ ይገጠማል፤ የቫልቩ ውስጠኛ ክፍል ተፈትቶ አየሩ በፍጥነት እንዲገባ ይደረጋል፤ ጠርዙ መደቡ ላይ ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ ከተሰማ በኋላ በጎማው ጎን ላይ በዙሪያው የታተመው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ እኩል መራቁ በሁለቱም ወገን ይታያል። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከጠለቀ ጎማው ገና አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ያንን ቦታ በሳሙና ውኃ አርሶ እንደገና መንፋት ይበጃል። ከዚያ ግፊቱ ይለካና ጎማው እንዲያድር ይደረጋል። ደረቅ ጎማ በአንድ ሌሊት ጥቂት አየር ቢያጣ አያስደነግጥም። በሰዓታት ውስጥ ባዶ ከሆነ ግን የሳሙና አረፋ በቫልቩ ሥር፣ በራጂዎቹ መግቢያና በጎማው ጠርዝ ዙሪያ ተቀብቶ መውጫው ይፈለጋል። በራጂ ቀዳዳ በኩል አረፋ ከታየ ችግሩ ቴፑ ነው። ፈሳሹን አስቀድሞ የሚጨምር ሰው ይህን ጉድለት ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ ቴፑ ግን ውሎ አድሮ ይለቅና አየሩ ከቤት ርቆ ሳለ ይወጣል።

ሁለተኛው ፍተሻ ብዙ ሰው የማያደርገው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ጎማው በደንብ ከተቀመጠ በኋላ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅና የጎማው ጎን በአውራ ጣት ወደ መሀል ይገፋል። ጠርዙ ከመደቡ ሳይወርድ በጥንካሬ ከተቋቋመ፣ በመንገድ ላይ አየር ቢያልቅ እንኳን ጎማው በቦታው ሆኖ ብስክሌቱን በቁጥጥር ለማቆም ዕድል ይሰጣል። በቀላል ግፊት ወደ ቸርኬው መሀል ሸለቆ፣ ማለትም በሁለቱ መደቦች መካከል ወዳለው ዝቅ ያለ ቦታ ከወረደ ግን ያ ጥንድ በማጠፊያ ላይ የማገሳት፣ ማለትም ጠርዙ ለቅጽበት ተላቆ አየር የመትፋት ዝንባሌ አለው። ይህን ያላለፈ ጥንድ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ፍጥነቱ ፍተሻ መሄድ የለበትም።

አዲስ ጀማሪ

ስለ ዝርዝር ማብራሪያው ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ቸርኬዬ መንጠቆ አልባ ከሚባሉት ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ሲሆን በላዩ ላይ የአየር ግፊቱ ከ5 ባር እንዳይበልጥ የሚል ጽሑፍ አለበት። የጎማው ጽሑፍ ደግሞ የተለየ ከፍተኛ ግፊት ይጠቅሳል። የትኛውን ልከተል? መንጠቆ አልባ መሆኑስ እርስዎ በጠቀሱት የአውራ ጣት ፍተሻ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ባለ ቁልፉ

ለጥያቄዎ የመጀመሪያ ክፍል መልሱ አጭር ነው፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ዝቅተኛውን ይከተሉ። የጎማው 4 ባር፣ የቸርኬው 5 ባር ካለ ወሰኑ 4 ነው፤ ተቃራኒው ከሆነም እንዲሁ።

ሁለተኛው ክፍል ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ባጭሩ የአውራ ጣት ፍተሻው ለመንጠቆ አልባ ቸርኬ ይበልጥ ያስፈልጋል። ባለ መንጠቆ ቸርኬ በጎኑ ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር ስላለው የጎማው ጠርዝ ወደ ላይ ሊንሸራተት ሲል ይይዘዋል። መንጠቆ አልባው ቀጥ ያለ ግድግዳ ብቻ ስላለው ጎማውን የሚይዘው የጠርዙ ዙሪያ አለመለጠጥና ከመደቡ ጋር ያለው ጥብቀት ነው። የአውሮፓ የጎማና የቸርኬ ቴክኒክ ድርጅት እና አይሶ 5775 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለመንጠቆ አልባ ቸርኬ የ5 ባር ጣሪያ ያስቀመጡት ለዚህ ነው፤ ይህም ፒኤስአይ በተባለው ሌላ የግፊት መለኪያ 72.5 ገደማ ነው። ለእነዚህ ቸርኬዎች የተፈቀደ ጎማም ከተፈቀደለት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ሳይወጣ እንዲቆይ ይጠበቃል። እንዲህ ያለው ፍተሻ የአምራቹ ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም፤ በቤት ውስጥ ከተፈቀደው በላይ እየነፉ መሞከር ዓይንና ጆሮ የሚያሳጣ ነው። የእኛ ድርሻ በቸርኬው አምራች የተፈቀዱ ጎማዎችን ዝርዝር አይቶ የገዛነው ጎማ እዚያ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ጎማው ላይ ለመንጠቆ አልባ እንደሚሆን ካልተጻፈ አይግጠሙት።

በጠጠር መንገድ የምንነዳበት ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ባር በታች ስለሆነ ከጣሪያው ርቀን ነው የምንነዳው። ለመንጠቆ አልባ ቸርኬ ተጠቃሚ አደጋው የሚቀርበው በሚነዳበት ሰዓት ሳይሆን ጎማውን መደቡ ላይ ለማውጣት በሚነፋበት ሰዓት ነው፤ አልወጣ ያለውን ጎማ በኮምፕረሰር እያስገደዱ ከወሰኑ ማሳለፍ ይመጣልና። እንዲህ ሲሆን አየሩን ለቅቆ፣ ጠርዙን በሁለቱም ወገን ወደ መሀል ሸለቆው አውርዶና ሳሙና ቀብቶ እንደገና መጀመር ነው የሚሻለው።

ፒስታ ወዳድ በቴፑ ላይ ባሉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ቴፑ ከቸርኬው የውስጥ ስፋት በጥቂት ሚሊሜትር ሰፍቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መድረስ አለበት። ከመለጠፉ በፊት ቸርኬው በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል፤ ቴፑ በደንብ ተስቦ ይጠመጠማል፤ በመጨረሻም ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ተገጥሞ ለአንድ ሌሊት ተነፍቶ ቢያድር ቴፑ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። የቫልቩን ማጥበቂያ በእጅ ብቻ አጥብቁት። በፒንሳ የተጠበቀ ቫልቭ የሥሩን ጎማ ይደፈጥጠዋል፤ በመንገድ ላይ ካላማዳሪያ ማስገባት ሲያስፈልግም አልፈታ ይላል።

ዋት ቆጣሪ

ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ። ሆኖም ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ ፍተሻው በግምት እንዳይሆን ጥቂት ነገሮችን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የፍጥነት ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ እንወቅ። የመንከባለል ተቃውሞ፣ ማለትም ጎማው ሲንከባለል የሚገጥመው እንቅፋት የሚበላው ጉልበት የተቃውሞው መጠን (መለኪያ የሌለው ትንሽ ቁጥር ነው)፣ የሰውና የብስክሌቱ ክብደት፣ የመሬት ስበትና የፍጥነት ብዜት ነው። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 85 ኪሎ ቢመዝኑና በሰዓት 30 ኪሎሜትር ቢነዱ፣ የተቃውሞው መጠን በ0.001 ሲቀየር ጉልበቱ በ7 ዋት ገደማ ይቀየራል። ሊናቅ የሚገባው ልዩነት አይደለም፤ ነገር ግን በነፋስ፣ በአቀማመጥ ወይም በልብስ ምክንያት ከሚመጣው መዋዠቅ ያነሰ ስለሆነ አማካይ ፍጥነት በማየት ብቻ አይገኝም።

በላቦራቶሪ የሚደረገው ፍተሻ ጎማውን በሚሽከረከር የብረት ከበሮ ላይ ጭኖ የሚወስደውን ጉልበት ይለካል። ይህ የጎማው ሸራና ላስቲክ ሲታጠፉና ሲመለሱ የሚያባክኑትን ጉልበት በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። የማያሳየው ደግሞ በኮረኮንች ላይ ሰውነታችን ሲነቀነቅ የሚባክነውን ነው። ለስላሳ ከበሮ ላይ ግፊት በተጨመረ ቁጥር ውጤቱ እየተሻሻለ ይሄዳል፤ በእውነተኛው ጠጠር ላይ ግን ከአንድ ነጥብ በኋላ ግፊት መጨመር ብስክሌቱን ከድንጋይ ድንጋይ ያዘልለዋል፤ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበትም በነጂው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የከበሮ ቁጥር ሁለት ጎማዎችን በሸራቸው ጥራት ለማወዳደር ይጠቅማል፤ የምንነዳበትን ግፊት ለመወሰን ግን አይሆንም።

በመንገድ ላይ ለመለካት የጉልበት መለኪያ ያለው ሰው ሮበርት ቹንግ የነደፉትን የምናባዊ ከፍታ ዘዴ ቢጠቀም ይሻላል። ነፋስ በማይኖርበት ሰዓት ተነሥቶ ወደ ተነሡበት የሚመለስ አጭር ዙር ይመረጣል፤ ከጉልበቱና ከፍጥነቱ የመንገዱ ከፍታ ወደ ኋላ ይሰላል፤ በየዙሩ መጨረሻ ከፍታው ወደ መነሻው እንዲመለስ የሚያደርገው የተቃውሞ መጠን ይፈለጋል። በዚህ ዘዴ ፍሬን መያዝ አይፈቀድም፤ አቀማመጥም አይቀየርም። መጀመሪያ አንዱ ጎማ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያው ይፈተሻል። የመጀመሪያው ጎማ በሁለቱ ጊዜያት ያመጣው ውጤት እርስ በርሱ ካልተቀራረበ በመሀል የተገኘው ልዩነት ትርጉም የለውም።

ግፊትን በተመለከተ ሁለት ስሕተቶች በየጊዜው አያለሁ። አንደኛው የተለያየ ስፋት ያላቸውን ጎማዎች በእኩል ግፊት ማወዳደር ነው። የሸራው ውጥረት ከግፊቱና ከስፋቱ ብዜት ጋር ስለሚሄድ 40 ሚሊሜትር የሆነውን በ2.5 ባር የነፋ ሰው 45 ሚሊሜትሩን በ2.2 ባር ገደማ ቢነፋ ነው ተመሳሳይ ውጥረት የሚያገኘው። ስፋቱም ከጽሑፉ ሳይሆን ጎማው ተነፍቶ ካደረ በኋላ በካሊፐር መለካት አለበት፤ ሰፊ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ጎማ ከተጻፈበት ይሰፋልና። ሁለተኛው የሙቀትና የከፍታ ለውጥን መዘንጋት ነው። ጠዋት በ10 ዲግሪ 2.5 ባር የነበረ ጎማ ከሰዓት በኋላ በ30 ዲግሪ ወደ 2.75 ባር ይጠጋል። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ 2000 ሜትር የወጣ ጎማም የውጩ አየር ስለሳሳ መለኪያው ላይ 0.2 ባር ያህል ጨምሮ ይታያል። በጠጠር መንገድ ሩብ ባር በእጅ የሚሰማ ልዩነት ስለሆነ መፈተሻው ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጎማው ጥላ ውስጥ ሳለ፣ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ መለኪያ ይለካ። እስከ 11 ባር የሚቆጥር የመንፊያ መለኪያ ለ2 ባር ትክክለኛ አይደለም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ለብቻው ይያዝ።

ረጅም ርቀት

ወንድማችን ዋት ቆጣሪ ያቀረቡት ስሌት ትክክል ነው፤ በእኔ እምነት ግን የጠጠር ጎማ ዋጋ የሚለካው ባለመበሳቱ ነው። ቁጥሩን ወደ ሰዓት እንለውጠው። 200 ዋት ለሚያወጣ ሰው 7 ዋት የጉልበቱ 3.5 በመቶ ነው፤ የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር በፍጥነት ስለሚያድግ ይህ ወደ ፍጥነት ሲለወጥ ከአንድ ተኩል በመቶ ብዙም አያልፍም። በ10 ሰዓት ጉዞ 9 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በመሰኪያ፣ ማለትም ከውጭ ቀዳዳው ውስጥ በሚገባ የላስቲክ ቁራጭ የሚዘጋ ቀዳዳ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን ፈሳሹን አፍስሶ፣ ቫልቩን ፈትቶ፣ ከውስጥ ጠግኖ ካላማዳሪያ እስኪገባ ድረስ ያንን ሁሉ ትርፍ ይበላዋል፤ እንዲያውም ጉዞውን ያስቆማል። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በፍሊንት ሂልስ የሚካሄደው የአንባውንድ የጠጠር ብስክሌት ውድድር 322 ኪሎሜትር ገደማ የሆነው መንገዱ ስለታም የባልጩት ድንጋይ የበዛበት ነው፤ እዚያ የሚሄዱ ተወዳዳሪዎች መሬት ከሚነካው ከጎማው ጥርስ ይልቅ ስለ ጎማው ጎን ጥንካሬ አጥብቀው የሚያስቡት በከንቱ አይደለም።

አስቸጋሪው ነገር አለመበሳትን መፈተሽ ነው። አንድ ሰው በአንድ ወቅት የሚገጥመው ብሳት ጥቂት ስለሆነና ዕድል ስለሚበዛበት፣ “ይህ ጎማ አልተበሳብኝም” የሚለው ምስክርነት ብዙ አይነግረንም። በላቦራቶሪ መርፌ ወይም ስለት በጎማው ላይ ተጭኖ የሚለካው ኃይልም ድንጋይ ጎኑን በማዕዘን ሲቆርጠው የሚሆነውን ሙሉ በሙሉ አይመስልም። እኔ የምመክረው ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በኋላ ጎማውን አጥቦ በጥሩ ብርሃን ማየት ነው። ጥርሱ ላይ ያሉ ቁርጦች እስከ ሸራው ዘልቀዋል ወይስ ላስቲኩ ላይ ቀርተዋል? የጎኑ ላስቲክ ተፍቆ ክሩ መታየት ጀምሯል? አየሩ ሳይወጣ ፈሳሽ የረጠበበት ነጥብ አለ? ሁለት ጎማዎችን ለማወዳደር የሚሻለው አንዱን ፊት ሌላውን ኋላ ገጥሞ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ማቀያየር ነው፤ የኋላው ጎማ ብዙ ክብደት ስለሚሸከም ካልተቀያየሩ ፍርዱ ያዳላል።

ማሸጊያ ፈሳሹን ግን በቤት መፈተሽ ይቻላል። ሊጣል የተዘጋጀ አሮጌ ጎማ ተገጥሞ፣ ፈሳሹ ገብቶ፣ በሚነዳበት ግፊት ተነፍቶ በቀጭን ሚስማር ይበሳል፤ ሚስማሩ ሲነቀል ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ጎማው ይሽከረከራል። ምን ያህል ግፊት ከጠፋ በኋላ እንደተዘጋ ይለካል። ቀጥሎ ሰፋ ባለ ሚስማር ይደገማል። እንዲህ ሲደረግ ፈሳሹ ብቻውን የሚዘጋው እስከ የት እንደሆነ፣ መሰኪያ የሚያስፈልገው ከየት እንደሚጀምር ይታወቃል፤ መሰኪያውን ማስገባትም እጅ ይለምዳል።

ዋት ቆጣሪ

በሰዓቱ ስሌት አልከራከርም፤ ለረጅም ጉዞ የእርስዎ ሚዛን ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይታይልኝ፤ ብዙ ብሳት የሚመጣው ከጎማው ድክመት ሳይሆን ከግፊቱ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ከጠርዙ አጠገብ ይቀደዳል፤ ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ውጥር ያለው ጥርስ ስለት እንደ ነካው ይቆረጣል። ስለዚህ ግፊትን በጥንቃቄ መፈተሽ ራሱ የብሳት መከላከያ ነው። በሚታወቅ አንድ ኮረኮንች ቁልቁለት ላይ ከፍ ካለ ግፊት ጀምሮ በ0.1 ባር እየቀነሱ መሄድ፣ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ የሚሰማው ደረቅ ድምፅ ሲጀምር ማቆምና ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ መመለስ በቂ ነው። የኋላው ከፊተኛው ትንሽ ከፍ ይበል።

አዲስ ጀማሪ

ይህ ሁሉ በጣም ጠቅሞኛል። ስለ ቸርኬው ራሱ ግን ብዙ አልተባለም። አዲስ ቸርኬ ሲገዛ ከጎማው ጋር ሆኖ ምን ይታያል?

ፒስታ ወዳድ

ቸርኬውን ጎማ ሳይገጠምበት ብቻ ማቃናት አይበቃም። ጥብቅ የቱብለስ ጎማ ተነፍቶ ሲቀመጥ ቸርኬውን በዙሪያው ወደ መሀል ይጨምቀዋል፤ በዚህም የራጂዎቹ ውጥረት ይቀንሳል። ባዶውን ቀጥ ብሎ የነበረ መንኮራኩር ከተነፋ በኋላ ሊንጋደድ ይችላል፤ ቀድሞውንም የላላ ራጂ ደግሞ በጭነት ጊዜ ጭራሽ ይለቃል። ስለዚህ የራጂ ውጥረት ጎማው ተገጥሞ፣ በሚነዳበት ግፊት ተነፍቶ ይለካ። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላም ይደገም።

ስፋቱን በተመለከተ ለ40 ሚሊሜትር ጎማ ከ23 እስከ 25 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቸርኬ ጥሩ ቅርጽ ይሰጠዋል። ቸርኬው ጠባብ ሲሆን ጎማው እንደ አምፖል ተንጠልጥሎ በማጠፊያ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ደግሞ ጎኖቹ ለድንጋይ ይጋለጣሉ። በቴላዮውና በፎርካው በኩል የቀረው ክፍተትም ጎማው ከሰፋ በኋላ ይለካ፤ በደረቅ ቀን የበቃ ክፍተት በጭቃ ቀን አይበቃም።

ባለ ቁልፉ

ሊዘነጋ የማይገባ አንድ ነገር ልጨምር። ከላቴክስ የተሠራው ማሸጊያ ፈሳሽ እንደ አየሩ ድርቀትና ሙቀት ከሁለት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ ዛሬ ያለፈ ጥንድ ከወራት በኋላ ያው ጥንድ አይደለም። መንኮራኩሩ በመጀመሪያ ደረቅ እንዳለ፣ ቀጥሎም ፈሳሹ እንደገባ ቢመዘንና ክብደቱ ቢጻፍ፣ በኋላ ጭቃው ታጥቦ ሲመዘን የቀነሰው በግምት ተንኖ የሄደው ውኃ ነው፤ የጥርሱ መፋቅም ጥቂት ግራም ስለሚወስድ ቫልቩን ፈትቶ በቀጭን ዘንግ ማየቱ ያረጋግጠዋል። ለ40 ሚሊሜትር ጎማ 60 ሚሊሊትር ገደማ መነሻ ይሆናል። በመንገድ ላይ ጎማ ለመንፋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥይት (የታመቀ ጋዝ የያዘ ትንሽ ቆርቆሮ) የምትይዙ ደግሞ ፈሳሹ ከጋዙ ጋር መስማማቱን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ አንዳንዱ ፈሳሽ ቅዝቃዜውና ጋዙ ሲነካው ይረጋል። ስትነፉም ቫልቩን ወደ ላይ አድርጉት፤ ፈሳሹ ከታች ስለሚተኛ ጋዙ በቀጥታ አያገኘውም።